ጠምቶኝ ነበር

ይህ አገር የት እንዳለ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ «የኛ ነው» ትላላችሁ፤ ባልነግራችሁም «የኛ ነው» ማለታችሁ አይቀርም፤ ስለዚህ ጉሮሮዬን ባላደክመው ይሻለኛል። ከወንዝ ማዶ ነው እንበልና ይብቃን። ክፉ አገር ለማንም ቢሆን ምንጊዜም ከወንዝ ማዶ ነው።

የዚያ አገር ሰው ሥራው አንድ ነበር፤ መጋረጃ መሥራት። የንጉሡ ግቢ የተከለለው በድንጋይ ወይም በእሾህ አጥር ሳይሆን በሸማ መጋረጃ ነው፤ ንጉሡ በዓይን አይታይምና። ለምን እንደማይታይ የጠየቀ ሰው ኖሮ አያውቅም። መጋረጃውን ፀሐይ ያሳሳዋል፣ ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ነፋስ ይቦጭቀዋል፤ በምሥራቅ በኩል ተሠርቶ ሳያልቅ በምዕራብ በኩል ይቀደዳል። ስለዚህ ሴቶቹ ዕድሜ ልካቸውን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ዕድሜ ልካቸውን ይሸምናሉ፣ ሹማምንቱ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ይሰበሰባሉ።

አሁን ወደ ሥርዓቱ ልምጣ፤ ሥርዓቱ ካልገባችሁ የቀረው አይገባችሁም። ፈታይ ሴት ጠዋት ወደ ፈትል አዳራሽ ስትገባ በሩ ላይ ሊቀ አፍ የሚባል ሹም ይጠብቃታል። እንደ ወጉ አንቱ ልለው በተገባኝ ነበር፤ አልለውም። ይህ ሊቀ አፍ በረጅም ጭልፋ ከጋን ውሃ ቀድቶ አፏን ይሞላዋል። ውሃውን አትውጠውም፣ አትተፋውም። ጉንጯን ነፍታ ትቀመጣለች፣ ባዘቶዋን ትይዛለች፣ እንዝርቷን ስታሾር ትውላለች። ማታ ስትወጣ ያንኑ ውሃ በዚያው ጭልፋ ትመልሳለች። ጭልፋው ከሞላ «ምስጉን» ትባላለች። ከጎደለ የንጉሡን ውሃ ሰርቃለችና የዕለት ቀለቧ ይቀራል። ምራቋ ተጨምሮ ጭልፋው ከፈሰሰ ደግሞ ትርፉን ከየት እንዳመጣችው ትጠየቃለች።

አንዱ ሹም እርጥብ አፍ ክር ያለሰልሳል ይላል። ሌላው ደግሞ በጥንት ዘመን አንዲት ንግሥት በወሬዋ ብዛት መጋረጃ ቀድዳ ነበር ይላል። ይሁን። እኔን የሚያንገበግበኝ የቀለቡ ነገር ነው። ለሸማኔ ሙሉ ስፍር እህል ይሰጠዋል፣ ለፈታይ ግማሽ፤ ምነው ቢባል፣ ቀኑን ሙሉ የንጉሡን ውሃ በአፏ ይዛ ስለዋለች ግማሹን እንደ ጠጣች ይቆጠርባታል። እንግዲህ ከዋጠችው ሌባ ናት፤ ካልዋጠችው ጠጥታዋለች። ይህን የፈረደውን ዳኛ ነፍሱን አይማረው ብዬ እንዳልረግም ገና በሕይወት አለ ይባላል።

ሸማኔውም ቢሆን የተሻለ ዕድል አልነበረውም። የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ አንድ እግሩ በጠፍር ከካስማ ጋር ይታሰራል፤ የጀመረው ሸማ ካላለቀ አይፈታም። ለመሽናት እንኳ ፈቃድ የሚሰጥ ሌላ ሹም ነበረው። የዚያን ሹም ማዕረግ በእናንተ ፊት አልጠራውም።

በዚህ አገር አንጓች የምትባል ፈታይ ነበረች። ባሏ ቢምረው የሸማኔዎቹ አለቃ ነው። አንጓች ጎበዝ ፈታይ ብትሆንም ከሴቶቹ ሁሉ ውሃ የሚጎድልባት እሷ ነበረች፤ ምክንያቱም ሳቅ አታውቅበትም፣ ማለቴ መያዝ አታውቅበትም። የሊቀ አፍ ጥምጥም ትንሽ ካዘነበለ ትስቃለች፤ ዝንብ አፍንጫው ላይ ካረፈች ትስቃለች፤ ሳቋ ሲመጣ ውሃው በአፍንጫዋ ይወጣል። ስንት ቀን ጦሟን እንዳደረች ባሏ ያውቃል። «ሳቅሽ ቤታችንን ሊፈታው ነው» እያለ ይቆጣት ነበር። ሳቋን ያስተዋት ግን የባሏ ቁጣ አይደለም።

እመት ዳሳሽ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ እሳቸውም ፈታይ ናቸው። ልጃቸው ሽታዬ እዚያው አዳራሽ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ሽታዬ ነፍሰ ጡር ሆነች። ወሯ ሲገባ ቤቷ ልትቀመጥ ሰው ልካ ፈቃድ ብትጠይቅ፣ ሊቀ አፍ ውሃ የሚይዘው አፍ እንጂ ሆድ አይደለም ብሎ መለሳት። እሷም ጉንጯንም ሆዷንም ነፍታ እየመጣች መፍተሏን ቀጠለች።

አንድ የበጋ ቀን እኩለ ቀን ላይ ምጥ ያዛት። መጮህ አትችልም፤ አፏ ሙሉ ነው። እንዝርቷን ጥላ ወገቧን ይዛ እናቷን አየቻቸው። እናቷም አዩዋት። አዋላጅ ከመንደር ለማስጠራት አንድ ሰው አፉን መክፈት ነበረበት። ሴቶቹ ሁሉ ጉንጫቸው እንደተነፋ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሁሉም ሌላዋን ጠበቀች። አንጓች ተነሥታ ወደ በሩ ሮጠችና በእጇ ለሊቀ አፍ አመለከተችው፤ ሆዷን ታሳያለች፣ ወደ መንደር ትጠቁማለች፣ መሬት ትመታለች። ሊቀ አፍ ረጋ ብሎ ካያት በኋላ አቤቱታ በእጅ እንደማይቀበል፣ ጉዳይ ያላት በአፏ ልትናገር እንደምትችል ነገራት። ይህን ሲል የሚያየው የተነፋውን ጉንጯን ነበር። አንጓችም ተመለሰች። አዎ፣ እሷም አልተፋችም። ይህን ደብቄ ጀግና ላደርግላችሁ አልፈልግም፤ እንደ ሌሎቹ ፈርታ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሽታዬ ሳይመሽ ሞተች፤ ልጁም በሆዷ ቀረ። ማታ ሊቀ አፍ ጭልፋውን ይዞ ገባና የሬሳውን ራስ ቀና አድርጎ ውሃዋን ለካ። ሞልቶ ተገኘ። «ምስጉን» አለ። ይህን የመሰለ ታማኝነት አይቶ እንደማያውቅ ተናግሮ፣ ለእናቲቱ ሙሉ ስፍር እህል በሽልማት እንዲሰጣቸው አዘዘ። እመት ዳሳሽ ምንም አልመለሱም። ተራቸው ገና ስለነበር አፋቸው ሙሉ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አንጓች እንደ ሁልጊዜው ተሰልፋ ደረሰች። ሊቀ አፍ ቀድቶ አፏን ሞላው። ዓይን ዓይኑን እያየች ዋጠችው። ሰውየው የተሳሳተች መስሎት እንደገና ሞላላት፤ እንደገና ዋጠችው። ጭልፋውን አየ፣ ጋኑን አየ፣ ጥምጥሙን አስተካከለ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቃት።

«ጠምቶኝ ነበር» አለችው።

በዚያ በር የሴት ድምፅ ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሊቀ አፍም የሚያደርገው ጠፍቶት ለበላዮቹ መልእክተኛ ላከ፤ የበላዮቹም ተሰበሰቡ። አንጓች አፏ በባዘቶ ተጠቅጥቆ በሩ ላይ ስትገተር ዋለች፤ የሚገቡትም የሚወጡትም አዩዋት። አዳራሹ ውስጥ ግን የእንዝርቱ ድምፅ ያን ቀን ልክ አልነበረም ይባላል።

ከዚያ ወዲያ አንጓች ሥራ ያዘች። ሥርዓቱ የሚጸናው በአዳራሹ ውስጥ ብቻ ነው፤ ወንዝ ዳር ልብስ ሲታጠብ፣ እርሻ ላይ ጥጥ ሲለቀም ማንም አፍ አይሞላም። ነገር ግን ሴቶቹ እዚያም አያወሩም ነበር። መንጋጋቸው ይደክማል፤ ደግሞም ያልለመደ አፍ ቢከፈት ምን እንደሚወጣው ያስፈራል። አንጓች ንግግር አላደረገችም። እያንዳንዷ አጠገብ ቁጢጥ ትልና አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ ትናንት ውሃ ባይኖርብሽ ኖሮ ምን ትዪ ነበር? አንዷ ትከሻዋን ነቀነቀች። አንዷ «ወገቤን» እል ነበር አለች። አንዷ ደግሞ የጎረቤቴ እንዝርት እየነጠረ ዓይኔን ሊያጠፋኝ ነው፣ ራቅ በዪ እላት ነበር አለች፤ ጎረቤቷም ሰምታ ተገረመች፤ ለዓመታት አጠገቧ ስትቀመጥ አታውቅም ነበር። እንዲህ እያለ ነገሩ ጣዕም አወጣ። እመት ዳሳሽ ግን ልብሳቸውን ማጠባቸውን ቀጠሉ። አንጓችም አልጎተጎተቻቸውም። ልብሱ ታጥቦ አልቆ፣ ሴቶቹ ሊሄዱ ሲነሡ፣ አሮጊቷ ውሃውን እያዩ «‹ልጄን!› እል ነበር» አሉ። ማንም ያልተነሣ ይመስል ሁሉም መልሶ ተቀመጠ።

ቀጥሎ አንጓች ወደ ሸማኔዎቹ ሄደች። የሴት ጥላ ድር ላይ ካረፈ ክር ይበጠሳል የሚባልበት አገር ስለነበር ሴት ጉድጓዱ አጠገብ አትቆምም። እሷ ግን ጥላዋ ወደ ኋላዋ እንዲወድቅ ፀሐይዋን ፊት ለፊት አድርጋ፣ ዓይኗን እያጠበበች ተናገረች። እናንተን በእግር፣ እኛን በአፍ አስረውናል፤ ያሠረው ግን አንድ እጅ ነው። እኛ ካልፈተልን እናንተ አትሸምኑም፣ እናንተ ካልሸመናችሁ እነሱ ራቁታቸውን ናቸው። ሸማኔዎቹ ተሳሳቁ፣ ተጠቃቀሱ፣ በኋላ ግን አሰቡበት። ቢምረው በሚስቱ ድፍረት አፍሮም ኮርቶም ነበር፤ የትኛው እንደሚበዛ እሱም አያውቀውም። በመጨረሻ እንዝርትና መወርወሪያ አንድ ላይ አስቀምጠው ተማማሉ፤ እግርም አፍም ሳይፈታ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ተጨባበጡ። ተረቱ ልክ ነው። ግን አንበሳ ሞኝ አይደለም፤ ከድሩ ጋር ከመታገል ሸማኔውን ማናገር እንደሚቀል ያውቃል።

በቀጠሮው ጠዋት ሴቶቹ እንደ ወትሮው ተሰለፉ። ሊቀ አፍ የመጀመሪያዋን ሞላ፤ ዋጠች። «ጠምቶኝ ነበር» አለች። ሁለተኛዋን ሞላ፤ ዋጠች፤ «ጠምቶኝ ነበር»። ሰውየው ሌላ ነገር አልተማረምና ሲሞላ አረፈደ፤ ጋኑ ደረቀ፤ ሌላ ጋን አስመጣ፤ እሱም ደረቀ። እመት ዳሳሽ ተራቸው ሲደርስ ጠጥተው «ለልጄም ድገመኝ» አሉት፤ ደገማቸው። ከዚያ ሁሉም እንዝርታቸውን መሬት ላይ አስተኝተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማግ ያጡ ሸማኔዎችም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ወቅቱ የነፋስ ወቅት ነበር። ነፋሱ መጋረጃውን በምዕራብ ቀደደው፤ የሚጥፈው ጠፋ፤ በሰሜንም ቀደደው። ሹማምንቱ ነፋሱን የሚያነጋግር ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ነፋሱን ሊያገኘው ስላልቻለ ሹማምንቱ ካባቸውን አውልቀው ቀዳዳው ላይ ሰቀሉ፤ ካባው ሲያልቅ ራሳቸው ቀዳዳው ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ወፍራሞቹ ለትልልቁ ቀዳዳ፣ ቀጫጭኖቹ ለትንንሹ ተመደቡ። ሕዝቡስ? ሕዝቡ እንዳያይ ጀርባውን ሰጠ። ስንት ዘመን ሲጋረድበት የኖረ ነገር ወለል ብሎ ተከፍቶለት፣ ንጉሥ እንዳያይ ዓይኑን ጨፍኖ በዳበሳ ወደ ቤቱ ሄደ። ለዚህ ሕዝብ አንዳንዴ ማልቀስ ያምረኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ በጥፊ ማለት ያምረኛል። አንጓችንም ከሴቶቹ አንዷ ለምን ገብተሽ አላየሽም ብትላት፣ እኔ ሽታዬን የሚሰማ ሰው እንጂ የማየው ንጉሥ አልፈለግሁም አለቻት።

ሹማምንቱ እጃቸው ሲዝል ቢምረውን አስጠሩት። ወንበር ሰጡት፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። አለቃ ቢምረው አሉት፤ በማዕረግ ጠርተውት አያውቁም ነበር። ቀኑን ሙሉ እዚያው ውሎ ሲመለስ እግሩን ከወትሮው ከፍ ከፍ እያደረገ ይራመድ ነበር። አንጓች ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«እግራችን ተፈታ» አላት።

«አፋችንስ?»

«እሱ በየደረጃው ነው አሉ። የእግር ጉዳይ የአገር ጉዳይ ነው፣ የአፍ ግን የጓዳ ጉዳይ ነው፤ አገር ሲረጋ ይታያል አሉ።»

«እነሱ እንዲህ አሉ። አንተስ ምን አልክ?»

ቢምረው ውሃ በአፉ የያዘ ይመስል ዝም አለ። እሷ እስከዚያ ቀን ባሏን «አንቱ» ነበር የምትለው፤ ያን ማታ «አንተ» ስትለው ሁለቱም ሰምተውታል።

«እግርህ የተፈታው በማን አፍ ነው?» አለችው። እሱ ወደ ቤት ገብቶ ተኛ፤ እግሩን ዘርግቶ ነው የተኛው።

የስምምነቱ ቀሪ ክፍል በማግሥቱ ታየ። እያንዳንዱ ሸማኔ ሚስቱን በክንዷ ይዞ ወደ አዳራሹ በር መጣ። የተፈታች እግር መጀመሪያ የሄደችው መንገድ ሚስትን ወደ ጭልፋው የሚነዱበት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ ያፍሩ ነበር፤ አንዳንዶቹ ይለማመጡ ነበር፤ ልጆቻችን ራባቸው፣ አንዴ ዝም በዪና ነገ እንታገላለን ይሉ ነበር። ሴቶቹ ተሞሉ። አንጓች ብቻ አልሄደችም፤ ቢምረውም ሊወስዳት አልደፈረም። ስለዚህ ወታደሮች መጥተው ወሰዷት።

በዚያ አገር ሴት ችሎት ፊት ስትቀርብም አፏ በውሃ ይሞላል። ከተናገረች ውሃው ይፈሳል፣ ችሎት ደፍራለች፤ ዝም ካለች ክሱን አምናለች። አንጓችም የተሞላላትን ዋጠችና ችሎቱን ጠየቀች። «ሽታዬ ምስጉን ከተባለች፣ ለምን ሞተች?» የቀኙ ዳኛ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አለ፤ ይህንንም እንደ አንቀጽ ጠቅሶ በፍርዱ ውስጥ አስገባው። ፍርዱም ይህ ነበር፤ ተከሳሿ በተደጋጋሚ ጠምቶኝ ነበር ብላለች፤ ስለዚህ ትጠማ።

ከአዳራሹ በላይ ባለ ራቁት ጉብታ ላይ በወገቧ ከድንጋይ ጋር አሰሯት። ጥሟ እንዲብስ ደረቅ ቆሎ ብቻ ይሰጣት ተባለ። ቅል፣ ዋንጫ፣ ጣሳ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ወደዚያ የሚወጣ እንዲገረፍ ታወጀ። ለውርደቷ ደግሞ ፈታይ ሴት ሁሉ ወደ ሥራ ስትሄድ በጉብታው በኩል አልፋ እንድትተፋባት ታዘዘ። ይህችን የመጨረሻዋን የጨመረው ሹም በብልህነቱ ካባ ተሸልሟል።

በመጀመሪያው ጠዋት ቀድመው የወጡት እመት ዳሳሽ ነበሩ። ከወንዝ ነበር የመጡት። የጉብታው ዘበኛ እጃቸውን ፈተሸ፣ ነጠላቸውን አራገፈ፣ ምንም አላገኘም፤ የተነፋ ጉንጫቸውን አይቶም ምራቅዎን አጠራቅመው መጡ እንዴ ብሎ ሳቀ። አንጓች ሊተፉባት ሲጎነበሱ አይታ ዓይኗን ጨፈነች። ከሁሉም ሰው ምራቅ የእሳቸውን ነበር የፈራችው። አሮጊቷ እጇን ፈልገው ያዙ፣ መዳፏን ገጥመው ዘረጉት፣ ሙሉ አፍ ውሃ አንቆረቆሩበት። ከዚያ ዘበኛው እንዲሰማ ጮክ አድርገው «እንትፍ!» አሉና ወረዱ። ከኋላቸው ሌላዋ ወጣች፤ ጉንጯ ተነፍቶ ነበር። ከእሷ ኋላም ሌላዋ።

ዕድሜ ልኩን ለንጉሡ ውሃ ሲይዝ የኖረ አፍ ዳገት ቢወጣበት ጠብታ አያፈስም። ሹማምንቱ ያስተማሩት ትምህርት ይህ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሴቶቹ በደንብ ተምረውት ነበር። ዘበኞቹ ለበላዮቻቸው ሕዝቡ ምን ያህል እንደጠላት፣ ሴቶቹ እየተሻሙ እንደሚተፉባት ነገሩ። የበላዮቹም ደስ ብሏቸው ማታም ይትፉባት ብለው አዘዙ።

እንዲህ ሆና ኖረች። የምትጠማው ሴት ጠግባ እየጠጣች ከረመች፤ በዚያ ላይ በአገሩ ውስጥ አፏ ባዶ የሆነ ሴት እሷ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ ትናገራለች። ውሃ ላቀበለቻት ሁሉ አንዳንድ ቃል ትመልሳለች፤ ያቺ ደግሞ አፏ እስኪሞላ ባለው መንገድ ለጓደኛዋ ታደርሰዋለች። አንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ ሌላ ሴት ምጥ ያዛት። ያን ጊዜ ሴቶቹ እርስ በርስ አልተያዩም። አዳራሹ ሙሉ ሴት በአንድ ጊዜ ውሃውን መሬት ላይ ተፋው፤ «አዋላጅ!» የሚለው ጩኸት እስከ ሸማኔዎቹ ጉድጓድ ተሰማ። አዋላጅ መጣች፤ ልጁ ተወለደ። የሁሉም ቀለብ ተቀጣ፤ ሁሉም ጦሙን አደረ። አንጓች ጉብታው ላይ ሆና የሕፃኑን ለቅሶ ስትሰማ ሳቀች ይላሉ፤ ከሽታዬ ሞት ወዲህ ስትስቅ የተሰማችው ያን ቀን ነው።

ቢምረውም አንድ ጊዜ ወጣ። አልዋሽበትም፤ ሰውየው ያዘነ ነበር። የሴቶቹን ዘዴ ባል ነውና ደርሶበታል፤ አልተናገረባቸውም፤ ይህም ይቆጠርለት። እሱም ወንዝ ወርዶ አፉን ሞልቶ ዳገቱን ጀመረ። መንገድ ላይ ሊቀ አፍ አገኘውና «እንደምን አደርክ፣ አለቃ ቢምረው?» አለው። ራሱን ነቅንቆ ማለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን በማዕረግ መጠራት ገና አዲሱ ነው፣ ሹም ሰላም ብሎታል፤ ውሃውን ዋጥ አድርጎ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ወንዙ ደግሞ ርቆ ነበር። እንዲሁ በደረቁ ወጥቶ ፊቷ ቆመ። አንጓች ጉንጩን አየች፤ ዘርግታው የነበረውን መዳፏን ቀስ ብላ ሰበሰበች።

«ጠምቶህ ነበር?» አለችው።

ተቆጥታ አልነበረም። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ለእሱ ይሻለው ነበር። ዳገቱን ወረደ፤ ዳግመኛም አልወጣም። አሮጌው ሊቀ አፍ ከፍ ወዳለ ማዕረግ ሲዛወር ጭልፋውን የተረከበው ቢምረው ነው። የፈታዮችን ጠባይ ያውቃል ተብሎ ነው የተሾመው።

አንጓችን የገደላት ጥም አይደለም። በጥም የተፈረደባት ሴት በክረምት ሞተች። ጉብታው ጣራ የለውም፣ የፈረዱባትም ጥሟን እንጂ ብርዷን አላሰቡትም፤ ዝናቡ ቀንና ሌሊት ወረደባት፤ ሳንባዋ ውሃ ቋጠረ። ሹማምንቱ ሞቷን ሲሰሙ ፍርዱ አልተፈጸመም ብለው ለሁለት ቀን ተከራከሩ።

ሴቶቹ ግን እሷ ከሞተችም በኋላ ጉብታውን መውጣት አልተዉም። ትእዛዙ ተነሥቷል፣ የሚተፉባት የለችም፣ እነሱ ጠዋት ጠዋት ይወጣሉ። ሹማምንቱ ይህን አይተው ፈሩ፤ ከልክለው እንዳይገቷቸው ሴቶቹ ብዙ ናቸው። ከብዙ ስብሰባ በኋላ አንድ ሰው መላ አመጣ፤ እናክብራት አለ። በዓል ተደረገላት። ጉብታው ላይ የድንጋይ ሐውልት ቆመላት፤ ሐውልቱ ውብ ነው፣ ጉንጩ የተነፋ ነው። በበዓሏ ቀን ጋኑ ውስጥ ማር ይጨመራል። ሴቶቹ በነጭ ልብስ ተሰልፈው፣ በማር የጣፈጠ ውሃ በአፋቸው ይዘው፣ ለመታሰቢያዋ ከጠዋት እስከ ማታ በዝምታ ይቆማሉ።

በመጀመሪያው በዓል ንግግር ያደረገው ሊቀ አፍ ቢምረው ነበር። ውድ ባለቤቴ እያለ ተናገረ፣ ዕንባም አወጣ፤ ዕንባው የውሸት ነበር ለማለት አልደፍርም። ሴቶቹ ጉንጫቸውን ነፍተው አዳመጡት። እመት ዳሳሽ ያኔ እጅግ አርጅተው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ንግግሩ ሳያልቅ ከሰልፉ ወጡ፤ ምርኩዛቸውን እየተከሉ ወደ ሐውልቱ ሄዱ፤ ጎንበስ አሉና የያዙትን ውሃ እግሩ ሥር አፈሰሱት። እንግዶች ስለነበሩ ቢምረው በለዘብታ ጠየቃቸው።

«እመት፣ የበዓሉን ውሃ ለምን አፈሰሱት?»

«ጠምቷት ነበር» አሉ። «አንተ ታውቃለህ።»

ከሰልፉ አንዷ ተከተለቻቸው፣ አፈሰሰች። ሌላዋም። ጉብታው በማር ውሃ ረጠበ። በዚያች ሰዓት እዚያ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሊሆን ነው ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። እኔም ይህን በምነግራችሁ ቁጥር እዚህች ላይ ስደርስ፣ ምናልባት ዛሬ ሌላ ይሆን ይሆናል እላለሁ።

ሹማምንቱ ግን ተሰበሰቡ። እመት ዳሳሽ በዓመቱ አረፉ። በሚቀጥለው በዓል ውሃ ማፍሰሱም በሥርዓቱ ውስጥ ገባ፤ የሚያፈስሰው ሊቀ አፍ ነው፣ በጭልፋ። ቃሉም ገባ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ሊቀ አፍ ሐውልቱ ፊት ይቆምና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጠምቷት ነበር» ይላል። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። ሴቶቹ አፋቸው ሙሉ ነው።

ይኸው ነው። ተረት ለነገረ ሰው ዳቦ ይሰጠዋል ይባላል፤ ዳቦው ይቅርብኝ። ብዙ አውርቼ ጉሮሮዬ ደርቋልና አንድ ዋንጫ ውሃ አምጡልኝ። የምጠጣው ነው።